ጥቂት የፒያኖ ድምፅ በፊልም ውስጥ ለምን ሆድ ያባባል?

የማታ ተመልካች (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ሙዚቃ አልተማርኩም፣ መሣሪያም አልጫወትም፤ ስለዚህ የምጠቀምባቸው ቃላት ልክ ካልሆኑ እንድታርሙኝ ከወዲሁ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን «ዘ አወርስ» የተባለ ፊልም ለሦስተኛ ጊዜ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ፊልሙ የሦስት ሴቶችን፣ የእያንዳንዳቸውን አንድ ቀን የሚተርክ ነው፤ አንዷ በ1923 በእንግሊዝ አገር ልብ ወለዷን የምትጽፈው ቨርጂኒያ ዉልፍ ናት፣ ሁለተኛዋ በ1951 በሎስ አንጀለስ የምትኖር ነፍሰ ጡር የቤት እመቤት ናት፣ ሦስተኛዋ ደግሞ በ2001 በኒው ዮርክ ለታመመ ወዳጇ ግብዣ የምታሰናዳ ሴት ናት። በመክፈቻው ዉልፍ ወደ ወንዙ ስትገባ ካየን በኋላ፣ ሦስቱም በየዘመናቸው ከእንቅልፍ ሲነሡ፣ መስታወት ፊት ሲቆሙ፣ ፀጉራቸውን ሲያስሩ፣ አበባም በማስቀመጫ ውስጥ ሲደረደር፣ የአሜሪካዊው ሙዚቃ ደራሲ የፊሊፕ ግላስ ፒያኖ ከአውታር መሣሪያዎች ጋር ያንኑ ጥቂት ድምፅ እየመላለሰ ይጫወታል። በዚህ ሁሉ መካከል የተፈጠረ ነገር የለም። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «ደግሞ ማን ሞተ?» ብትለኝ «ማንም አልሞተም፤ ፀጉሯን እያሰረች ነው» ከማለት በቀር መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በትልልቅ የጦርነት ፊልሞች ውስጥ ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ሲያስገመግም ልቤ ይመታል፣ እንባ ግን አይመጣም። በእኛ አገር ብዙ ፊልሞች ደግሞ የተዋናይዋ ከንፈር ገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር የኪቦርዱ ሙዚቃ ቀድሟት ስለሚያለቅስ እኔ እንደ ድንጋይ እደርቃለሁ። ታዲያ የዚያ ጥቂት ድምፅ ኃይል ያለው በምን ላይ ነው? በፒያኖው በራሱ ተፈጥሮ ነው? ወይስ ለዓመታት ያየናቸው ፊልሞች «ይህ ድምፅ ሲመጣ እዘኑ» ብለው አሠልጥነውን ነው? ሁለተኛው ከሆነ ተታልያለሁ ማለት ነው፤ መታለሌን ደግሞ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 በወጣው «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ሰምቼ ተመሳሳይ ስሜት ተሰምቶኛል። የእርሳቸውም ሙዚቃ ሚኒማሊስት ከሚባለው፣ ማለትም ጥቂት ድምፅ ብቻ ከሚጠቀመው ዓይነት ይመደባል?

ፒያኖ አስተማሪዋ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነገር ያቀላቀለ ይመስለኛል፤ ሆኖም እኔ የማውቀው መሣሪያውን ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ማሲንቆ የሚመታ ሰው አንድን ድምፅ በደጋኑ እየሳበ ሊያቆየው፣ ሊያሳድገው፣ ሊያንቀጠቅጠውና ቀስ አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ዋሽንት የሚነፋም ትንፋሹ እስካለ ድረስ በድምፁ ላይ ጌታ ነው። ፒያኖ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሥልጣን የለም። ጣት ቁልፉን ይጫናል፣ ቁልፉ በተጠቀጠቀ ሱፍ የተሸፈነችውን መዶሻ ወደ አውታሩ ይወረውራል፣ መዶሻዋ መትታ ወዲያው ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ያንን ድምፅ ሊያጎላው ፈጽሞ አይችልም። ማድረግ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ቁልፉን ለቅቆ ያቋርጠዋል፣ ወይም ይዞት እየደከመ ሲሄድ ይሰማዋል።

ጀማሪ ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ቀን የማሠራቸው ነገር አለ። በስተግራ በኩል ካሉት ወፍራም ድምፆች አንዱን ጠንከር አድርጌ እመታለሁ፣ ቁልፉንም አልለቅም፤ እነርሱም ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፁ የጠፋ ሲመስላቸው እጃቸውን ያወጣሉ። ዐሥር ሰከንድ እስኪያልፍ ድረስ ማንም እጁን አያወጣም። ከዚያ አንዱ ያወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይከተላል፤ ሁልጊዜም እስከ መጨረሻ እጇን የማታወጣ አንዲት ልጅ አትጠፋም። አንድ ጊዜ በዚያ ጸጥታ መሀል ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ደነገጠ። ልጆቹ እኮ ያንን ጩኸት በየቀኑ ይሰሙታል፤ ያስደነገጣቸው ጆሯቸው በዚያ ሰዓት እጅግ ተከፍቶ ስለነበረ ነው። የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሦስት የፒያኖ ድምፅ መትቶ ዝም ሲል የሚያደርግብህ ይህንኑ ነው። የሚደክመውን ድምፅ ለመከተል ጆሮህን ትከፍታለህ፤ በተከፈተው ጆሮ ውስጥ ደግሞ የተዋናይዋ ትንፋሽ፣ የወንበሩ ሲጢጥታ፣ የዝናቡ ድምፅ ሁሉ ይገባል።

በእግር የሚረገጠው የቀኝ ፔዳልም የራሱ ድርሻ አለው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሁሉም አውታሮች አፋኝ ስለሚነሣ፣ ያልተመቱት አውታሮች ከተመታው ጋር እየተስማሙ በስሱ ይርገበገባሉ፤ አንድ ድምፅ ብቻ የሰማህ ሲመስልህ ከበስተኋላው ሙሉ መሣሪያው እያንጎራጎረ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሙዚቀኞች ማይክሮፎኑን ወደ መዶሻዎቹ አስጠግተው መቅዳት አዘውትረዋል። ጀርመናዊው ኒልስ ፍራም በ2011 ያወጣው «ፌልት» የተባለ አልበም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በሌሊት ሲጫወት ጎረቤት እንዳይረብሽ በመዶሻዎቹና በአውታሮቹ መካከል ወፍራም ሱፍ አስገባ፣ ድምፁ በጣም ስለቀነሰም ማይክሮፎኑን አስጠጋ፣ በዚህም ምክንያት የእንጨቱ መንቋቋትና የራሱ ትንፋሽ ሳይቀር ተቀዳ። ካሜራ ወደ ሰው ፊት ሲጠጋ የሚሰማን ቅርበት በጆሮ በኩልም የሚመጣው እንዲህ ባለ ቀረጻ ነው።

አንድ ሥራ ብቻ ልጥቀስና ላብቃ። ኢስቶኒያዊው አርቮ ፔርት በ1978 ለፒያኖና ለቫዮሊን የጻፈው «ሽፒግል ኢም ሽፒግል»፣ ትርጉሙ «መስታወት በመስታወት ውስጥ» ማለት ነው፣ ተማሪ በሦስተኛ ዓመቱ ሊጫወተው የሚችል ቀላል ነገር ነው። ፒያኖው ሦስት ሦስት ድምፅ እያደረገ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ቫዮሊኑ ረጃጅም ድምፅ እየያዘ ከአንድ ማዕከል ይነሣል፣ ወደዚያው ማዕከል ይመለሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚጨምረው አንዲት እርምጃ ብቻ ነው። ጋስ ቫን ሳንት በ2002 በሠራው «ጌሪ» በተባለው ፊልም መክፈቻ ላይ መኪና በባዶ መንገድ ላይ ረጅም ጊዜ ሲነዳ የሚሰማው ይኸው ሙዚቃ ነው። እኔ ግን ቀላልነቱን አይታችሁ እንዳትንቁት እመክራለሁ። ፈጣን የሾፓን ሥራ የሚጫወቱ ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚሸሸጉበት ነገር የለማ።

ከኤዲቲንግ ጠረጴዛ

መምህርት የጻፉት ስለ ጆሮ መከፈት ያለው ነገር እኛ በሥራችን ላይ በየቀኑ የምናየው ነው። እኔ ከሙዚቃው በኩል ሳይሆን ከምስሉ በኩል ልናገር።

በመጀመሪያ ደረቁ ምክንያት ይቅደም። ፊልም ውስጥ ሰዎች ይነጋገራሉ። ኦርኬስትራ ከንግግር በታች ሲቀመጥ ከሰው ድምፅ ጋር ስለሚጋፋ በሚክስ ጊዜ፣ ማለትም ድምፆቹ ሲመጣጠኑ፣ መቀነስ ግድ ይላል፤ ሲቀነስ ደግሞ ሕይወቱ ይጠፋል፣ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የደበዘዘ ሥዕል ይሆናል። በየመሀሉ ክፍተት ያለው ፒያኖ ግን ንግግሩ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚተው ሳይቀነስ ሊሰማ ይችላል። የዚህን ሙዚቃ በፊልም መብዛት በነፍስ ጉዳይ ብቻ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ይህንን ቢያስታውስ መልካም ነው። ርካሽ መሆኑንም አንርሳ፤ አንድ ተጫዋች ከሰማንያ ተጫዋች ያነሰ ይከፈለዋል።

አሁን ወደ «ዘ አወርስ» ልመለስ። ጠያቂው ያለቀሱት ፀጉሯን በምታስረው ሴት ላይ አይመስለኝም። ፊልሙ ከ1923 ወደ 1951፣ ከ1951 ወደ 2001 በየደቂቃው ይዘልላል፤ ልብሱ፣ ብርሃኑ፣ አነጋገሩ ሁሉ ይለወጣል። ሙዚቃው ግን አይለወጥም። ለ1951ዱ ታሪክ የዚያን ዘመን የጭፈራ ዘፈን፣ ለ2001ዱ ደግሞ የኒው ዮርክ ጫጫታ ማስገባት ቀላል ነበር፤ ግላስ ይህንን አላደረገም። ያው የሚመላለሰው ፒያኖና አውታር ሦስቱን ቤቶች በአንድ ክር ይሰፋቸዋል። ዐይናችን ሦስት ሴቶች እያየ ጆሯችን «አንድ ቀን ነው፣ አንድ ሕይወት ነው» ይለናል። በመክፈቻው ያየነው የወንዙ ሐዘን ይዞን ወደ ጠዋቱ የሚገባው በሙዚቃው ላይ ተሳፍሮ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ መስታወት ፊት ስትቆም እርስዎ ከእርሷ በፊት የሚያውቁት ነገር አለ። ይህ ማጀቢያ የብሪታንያውን የባፍታ ሽልማት ማግኘቱ፣ ለኦስካርም መታጨቱ የሚገባው ነው ባይ ነኝ፤ አንዳንድ ተመልካቾች ግን በዝቷል፣ አያርፍም ብለው የሚያማርሩበትም ሥራ ነው፤ እነርሱንም እረዳቸዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ከራሴ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጇን ወደ ዓረብ አገር ስለምትሸኝ እናት የሚተርክ አጭር ፊልም ቆርጬ ነበር። የመጨረሻው ትዕይንት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ነው፤ ልጅቷ ገብታለች፣ እናትየዋ የልጇን ነጠላ በእጇ ይዛ ቀርታለች፣ ታጥፈዋለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ታጥፈዋለች። ያሠራኝ ወገን «እዚህ ላይ ሰው ማልቀስ አለበት» ብሎ የመጀመሪያውን የኪቦርድ ሙዚቃ ገና ልጅቷ ሻንጣዋን ስታነሣ አስጀመረኝ። ለጥቂት ሰዎች ብናሳያቸው ማንም ንቅንቅ አላለም፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ስልኳን አወጣች። በሌላኛው ቀን ሙዚቃውን በሙሉ አነሣሁና ከወዳጄ የተቀበልኩትን፣ በየሦስት ሰከንዱ ገደማ አንድ ድምፅ ብቻ የሚመታ የፒያኖ ቅጂ አስገባሁ፤ መጀመሪያውንም እናትየዋ ነጠላውን ለሁለተኛ ጊዜ ካጠፈች ከአራት ሰከንድ በኋላ አደረግሁት። ምስሉ አንድም ፍሬም አልተነካም። በዚያ ዙር ክፍሉ ዝም አለ።

ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ሙዚቃ ከእናትየዋ በፊት አዘነ፣ ስለዚህ ለተመልካቹ የተረፈ ሥራ አልነበረም። ሁለተኛው የደረሰው ተመልካቹ ነገሩን በራሱ ከተረዳ በኋላ ነው፤ ከደረሰም በኋላ ስለ እናትየዋ ምንም አልተናገረም። ጠያቂው በእኛ ፊልሞች ላይ እንደ ድንጋይ እደርቃለሁ ያሉት በልባቸው ድርቀት አይደለም፤ ሙዚቃው ቀድሟቸው ነው።

ይህ አይነቱ ሙዚቃ ለትዕይንቱ ግድ የሌለው መሆኑ በሌላም ይታያል። በ2020 የወጣው «ኖማድላንድ» ላይ የምንሰማው የሉዶቪኮ አይናውዲ ፒያኖ በአብዛኛው ለፊልሙ የተጻፈ አይደለም፤ በ2019 ባወጣቸው «ሰቨን ዴይስ ዎኪንግ» በተባሉ አልበሞቹ ውስጥ የነበረ፣ በአልፕስ ተራሮች በበረዶ ላይ ካደረገው የእግር ጉዞ የመነጨ ነው። ቤቷን ያጣች አሜሪካዊት በመኪናዋ ስትንከራተት ግን የእርሷ ሆኖ ቀረ።

አልስማማም ባይ

የሁለቱንም ጸሐፊዎች ሐተታ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ሆኖም አንድ ስሕተት ከጥያቄው ጀምሮ ተላልፎ ስለመጣ ልቁረጠው። «ጥቂት ድምፅ» እና «ሚኒማሊስት» አንድ አይደሉም። የግላስን ፒያኖ ቁጭ ብላችሁ ብትቆጥሩት በደቂቃ ውስጥ መቶዎች ድምፅ ታገኛላችሁ። ጥቂት የሆነው የሚሠራበት ቁስ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች)፣ አንድ ምት፣ አንድ አካሄድ፣ ይኸው በጥቃቅን ለውጥ ይመላለሳል። ስያሜውን በ1968 ለሙዚቃ ከተጠቀሙት ቀዳሚዎች አንዱ ያን ጊዜ ሃያሲ የነበረው እንግሊዛዊው ማይክል ናይማን ነው፤ ይኸው ሰው ነው በ1993 «ዘ ፒያኖ» ለተባለው የጄን ካምፒየን ፊልም ሙዚቃውን የጻፈው። ያንን ፊልም ያየ ሰው ፒያኖው ጥቂት ነው ሊል አይችልም፤ እንደ ጎርፍ ነው የሚወርደው። በአንጻሩ መምህርት የጠቀሱት ፔርት በእውነት ጥቂት ነው። ሁለቱ በጆሮ ላይ የሚሠሩት ሥራ ለየቅል ነው፤ አንዱ ያጥለቀልቃል፣ ሌላው ያስጠብቃል።

ቀጥሎ፣ ጥቂት ድምፅ በባሕርይው ያሳዝናል የሚለውን ሐሳብ ለመቀበል እቸገራለሁ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1999 በወጣው የመጨረሻ ፊልሙ «አይስ ዋይድ ሸት» ውስጥ የጊዮርጊ ሊጌቲን አንድ የፒያኖ ሥራ ተጠቅሟል። ሊጌቲ ይህንን በሃምሳዎቹ መጀመሪያ በሃንጋሪ በጻፈ ጊዜ ለራሱ ከባድ ገደብ አበጅቶ ነበር፤ ሙሉው ክፍል ሦስት ድምፆችን ብቻ ይጠቀማል። ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉ ድምፆች እየተፈራረቁ ቆይተው፣ ሦስተኛው ድንገት እንደ ምስማር ይመታል፣ ደጋግሞ ይመታል። ከዚህ ያነሰ ቁስ ማግኘት ያስቸግራል። ፒያኖ ነው፣ ድምፁም እንደ ሌላው ፒያኖ እየደከመ ይሄዳል፣ በየመሀሉ ክፍተት አለ። ነገር ግን በዚያ ፊልም ላይ ያለቀሰ ሰው አላውቅም፤ ሰው የሚሰማው ፍርሃት ነው፤ አንድ ሰው ከኋላው የቆመበት ይመስለዋል።

ስለዚህ ክፍተቱ ሐዘንን አይፈጥርም፤ ያለውን ነገር ያገዝፋል እንጂ። የሐዘኑን አቅጣጫ የሚሰጠው ከፊሉ የኮርዶቹ አመራረጥ ነው፣ ከፊሉ ምስሉ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ልማድ ነው፤ ልማዱን አቃልለን አንየው። የኤሪክ ሳቲ «ጂምኖፔዲ» የተጻፈው በ1888 ነው። ሉዊ ማል በ1981 በሠራው ሁለት ሰዎች እራት እየበሉ በሚነጋገሩበት ፊልም መጨረሻ ላይ፣ ከሁለቱ አንዱ በታክሲ ወደ ቤቱ ሲመለስና የከተማው መንገዶች በመስኮቱ ሲያልፉ ሲጫወት እጅግ ግሩም ነበር። ዛሬ ግን ያው ድምፅ ወይም የእርሱ ዘመድ በባንክ ማስታወቂያ፣ በኢንሹራንስ ማስታወቂያ፣ አሮጊት እናቱን ለሚያቅፍ ልጅ የስልክ ማስታወቂያ ላይ ሁሉ አለ። ጠያቂው ተታልያለሁ ወይ ብለዋል። በ«ዘ አወርስ» አይመስለኝም። በማስታወቂያው ግን አዎን፣ በየቀኑ እየተታለልን ነው።

ዘመረ

በአጭሩ ለመጨመር ያህል፦ የሚመላለስ ጥቂት ድምፅ ለእኛ ከፊልም የመጣ እንግዳ አይደለም። በዐቢይ ጾም በገና የሰማ ሰው ያውቀዋል። ዐሥር አውታር አለው፣ ደርዳሪው ጥቂቱን ይዞ ያንኑ ሐረግ ለደቂቃዎች ይመላልሰዋል፣ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ያለችው እንዝራም ድምፁ ቶሎ እንዳይጠፋ እያነዘረች ታቆየዋለች። አያቴ በገና ሲሰሙ የሚያለቅሱት ከፊልም ተምረው አይደለም፤ ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም።

አልስማማም ባይ

ለዘመረ፦ አያትዎ ከፊልም አልተማሩም፤ ነገር ግን ከጾሙ፣ ከግጥሙና ከቤተ ክርስቲያኑ ተምረዋል። እርሱም ልማድ ነው፤ መልካም ልማድ መሆኑ ልማድነቱን አያስቀረውም። ስለ እንዝራዋ ያነሡት ግን ደስ አሰኝቶኛል፤ የፒያኖው ፔዳል ከሚሠራው ሥራ ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም።

ከኢየሩሳሌም

ስለ እማሆይ የተጠየቀው ሳይመለስ እንዳይቀር እኔ ልሞክር። የምኖረው እዚህ ኢየሩሳሌም ነው፤ እማሆይ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በኖሩበት በደብረ ገነት ገዳም በኩል፣ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ አዘውትሬ አልፋለሁ። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ማረፋቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

ሚኒማሊስት አይደሉም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ሚኒማሊዝም የሚቆመው በምት ላይ ነው፤ የግላስን ሥራ እየሰማህ በጣትህ ጠረጴዛ ልትመታ ትችላለህ። በእማሆይ ሥራ ላይ ይህንን ብትሞክር ሦስተኛው ሐረግ ላይ ጣትህ ብቻውን ይቀራል። ግራ እጃቸው ከሞላ ጎደል የረጋ አካሄድ ይይዛል፣ ቀኝ እጃቸው ግን ይቸኩላል፣ ይቆማል፣ አንዱን ድምፅ በትናንሽ ድምፆች ይከብበዋል፣ ልክ መርጌታ በአንዲት ፊደል ላይ ዜማውን እንደሚያዞረው። የዚህም ምክንያት በሕይወታቸው ውስጥ አለ። የከንቲባ ገብሩ ልጅ ናቸው፤ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፣ በኋላ በካይሮ ከአንድ ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ተማሩ፣ ከዚያም ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተው ዓመታትን አሳለፉ። ስለዚህ በጣታቸው ውስጥ የአውሮፓው ክላሲክም፣ የቅዱስ ያሬድ ዜማም፣ የአገሩ ቅኝትም አብሮ አለ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን ታተመ፤ ዓለም በስፋት የሰማቸው ግን በ2006 «ኤትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ሚኒማሊስት ካልሆኑ የፊልም ሰዎች ለምን ፈለጓቸው የሚለው ነው። «ታይም» ባሏ ስድሳ ዓመት የተፈረደበት የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ታሪክ ነው፤ ሴትዮዋ ልጆቿን እያሳደገች ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በራሷ ካሜራ የቀረጸችው ምስል የፊልሙ ግማሽ አካል ነው። በማግሥቱ ዓመት የወጣው «ፓሲንግ» ደግሞ በ1920ዎቹ በኒው ዮርክ ስለሚገናኙ፣ ቆዳቸው ስለፈካ እንደ ነጭ ሊቆጠሩ ስለሚችሉ ሁለት ሴቶች የሚተርክ ልብ ወለድ ፊልም ነው፤ በእርሱ ውስጥ ርዕሱ «ቤት አልባው ተንከራታች» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የእማሆይ ሥራ እየተመላለሰ ይሰማል። ሁለቱም ፊልሞች ጥቁርና ነጭ መሆናቸውን ልብ ብላችኋል? ቀለም ሲነሣ ዐይን በፊትና በጥላ ላይ ያርፋል፤ ምት ሲላላ ደግሞ ጆሮ ልኬቱን ያጣል። ኤዲተሩ ወንድማችን ፒያኖው ስለ እናትየዋ ምንም አልተናገረም ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል። «ታይም» መጨረሻ ላይ የዓመታቱ ምስሎች ወደ ኋላ ሲጠነጠኑ አይቼ፣ ይህንን በሜትሮኖም፣ ማለትም ምትን እኩል እኩል በሚቆጥር መሣሪያ፣ የሚሄድ ፒያኖ ቢያጅበው ኖሮ ሰዓት ሲቆጥርብን በተሰማን ነበር ብዬ አሰብኩ። የእስር ዓመታት ግን እኩል እኩል አይሄዱም፤ አንዱ ቀን ይረዝማል፣ አንዱ ዓመት ይበርራል። የእማሆይ ቀኝ እጅም እንደዚያው ነው።

የምዕራባውያን ጸሐፊዎች ሥራቸውን ከሳቲ ጋር ሲያነጻጽሩ አነባለሁ። ክፋት የለውም፤ እኔ ግን በሰማኋቸው ቁጥር የሚመጣብኝ የማኅሌት ሌሊት ነው።

የማታ ተመልካች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ «ጥቂት ድምፅ» ያልኩት ስሕተት መሆኑን ስላረማችሁኝ፣ የእማሆይንም ነገር ስለለያችሁልኝ። እኅታችን ከኢየሩሳሌም ይሁኑ ወንድማችን አላወቅሁም፤ ምላሽዎን ለባለቤቴም አንብቤላታለሁ።

በተባለው መሠረት ሁለት ሙከራ አደረግሁ። ያንን የመስታወቱን ትዕይንት ድምፁን ዘግቼ አየሁት፤ ቆንጆ ነው፣ ግን ሦስት ሴቶች ፀጉራቸውን ያስራሉ፣ ያ ብቻ ነው። ከዚያ ሙዚቃውን ያለ ምስል ከፍቼ ዕቃ አጠብኩ፤ ትንሽ አሰላሰልኩ እንጂ አላለቀስኩም። ሁለቱን መልሼ ሳገናኛቸው ግን ምክንያቱን አውቄም ጉሮሮዬ ተያዘ። አልስማማም ባይ ልማድ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ እሺ፣ ይሁን።

ሌላው ሙከራ ሳላስበው የመጣ ነው። መምህርት በጻፉት ተገፋፍቼ የትንሿን ልጄን ኪቦርድ አወጣሁና አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። ድምፁ ምንም አልደከመም፤ ጣቴን እስካላነሣሁ ድረስ እንደ ፋብሪካ ማሽን አንድ ዓይነት ሆኖ ቀጠለ። ለካ ኦርጋን ላይ ተደርጎ ኖሯል። በአገራችን ፊልም ስንት ጊዜ እንደ ድንጋይ እንደደረቅሁ ትዝ አለኝና ሳቅ መጣብኝ። ልጄ መጥታ ወደ ፒያኖ ቀየረችልኝ፤ ደግሜ መታሁት፣ ዐይኗንም እንድትጨፍን፣ ድምፁ ሲጠፋባት እጇን እንድታወጣ ነገርኳት። ርካሽ ኪቦርድ ስለሆነ ቶሎ ደከመ። ለእኔ ከጠፋ ቆይቶ፣ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ሲቀር፣ እጇን አለማውጣቷን አይቼ «አልጠፋም?» አልኳት።

«ዝም በል፤ አሁንም ይሰማኛል» አለችኝ።